ፍሪጅ ውስጥ ያደረችው ወፍ

እኔ ቁጡ ነኝ። ባሌ ያውቃል፣ የባሌ እናት ያውቃሉ፣ የምሠራበት የቀለም ፋብሪካ ዘበኛም ከሩቅ ሲያየኝ በሩን ቀድሞ የሚከፍተው ስለሚወደኝ አይደለም። ስለዚህ አመሰግናለሁ ስል ለወጉ ያህል እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ዛሬ የማመሰግናቸው ብዙ ናቸው፤ አንድ ባለ ሥጋ ቤት አለበት፣ የሱ ትልቁ ፍሪጅ አለበት፣ የዱቄት ሳሙናም አለበት። ከሁሉ በላይ እማማ አሉበት።

እማማ የምላቸው የባሌን እናት ነው። አባቱን አባባ እላለሁ። የቤተሰቡ ሥራ የጨለማ ትርኢት ነው። ላላየ ሰው እንዲህ ነው፤ መድረኩ ከላይ እስከ ታች በጥቁር ጨርቅ ይሸፈናል። እኛም ከራስ ጠጉራችን እስከ እግር ጥፍራችን ጥቁር እንለብሳለን፤ ፊታችንን እንኳ ጥቁር ቆብ ይውጠዋል። ከዚያ ተራው መብራት ይጠፋና ጥቁር መብራት የምንለው ወደ መድረኩ ይበራል። የዚህ መብራት ጨረር ለዓይን አይታይም። ፍሎረሰንት ቀለም ያገኘ እንደሆነ ግን ቀለሙ ጨረሩን ውጦ የራሱን ብርሃን ይሰጣል። ቀለም የተቀባ ዓሣ ብቻውን ይዋኛል፣ ባርኔጣ ብቻውን ይራመዳል፣ ተሸካሚው የለም። ልጆች አፋቸውን ከፍተው ያያሉ። ትልልቆቹም እንደዚያው፣ ብቻ እነሱ በእጃቸው ይሸፍኑታል።

ጥቁሩ ልብስ የራሱ ደንብ አለው። ሳሙና አይነካውም፤ በውሃ ብቻ ይለቀለቃል። ይህን የሚያደርጉት አባባ ራሳቸው ነበሩ፣ ለምን እንደሆነም ለማንም አስረድተው አያውቁም። የትርኢት ሰው ምስጢር ይወዳል። እማማ ነገሩ የወንድ ስንፍና ይመስላቸውና "ይህ ልብስ አንድ ቀን በእግሩ ቆሞ ይሄዳል" ይሉ ነበር።

አባባ ከሠሯቸው አሻንጉሊቶች ሁሉ የሚወዱት ወፏን ነው። ክንፏ ከቀጭን ሽቦና ከስስ ጨርቅ የተሠራ ነው፤ ሲዘረጋ መድረኩን ሊሞላው ምንም አይቀረው። በረጅም ዘንግ ተሸክመው ያበረሯትም እሳቸው ናቸው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ። ቀለሙ ያለው ግን በፊት በኩል ለተመልካቹ ነው፤ ተሸካሚው የሚያየው ጥቁሩን ጀርባዋን ብቻ ነው። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ወፏ ስትበር አይቷል። ያላያት ቢኖር የሠሯት ሰውዬ ነበሩ። "ሌላ ሰው ይሸከማት፣ እርስዎ ተቀምጠው ይዩ" ሲባሉ "ነገ" ይሉ ነበር።

ነገ ሲመጣ ዓይናቸው ታመመ። ሐኪሙ ነርቩ እየሞተ ነው፣ የሚመልሰው መድኃኒት የለም አላቸው። ቀን ቀን ዓለሙ ሁሉ ጉም ሆነባቸው። የሰው ፊት መለየት አቃታቸው፤ እማማን የሚያውቋቸው በኮቴያቸው ነበር። የሚያዩት አንድ ነገር ብቻ ቀረ፣ ጨለማ ውስጥ ያለ ደማቅ ነገር። እሱም እስከ መቼ እንደሚዘልቅ ሐኪሙ አልማለም።

አባባ ውሃ እንኳ አምጡልኝ የማይሉ ሰው ናቸው። አንድ ቀን ምሳ ላይ ግን "ዓይኔ ጨርሶ ሳይዘጋ ወፌን ፊት ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ልያት" አሉ። ሁላችንም ማንኪያችንን አስቀመጥን። እማማ ወደ ጓዳ ሄዱ፤ የሚያመጡት ነገር እንዳልነበረ ሁላችንም እናውቃለን።

ወዲያው ልምምድ ያዝን። ወፏን ምሰሶ ተሸከመ። ምሰሶ የባሌ ታናሽ ወንድም ነው፤ በር ሲገባ ጎንበስ ካላለ ግንባሩን ስለሚመታ እንዲህ ብለን አወጣንለት። ባሌ ጅራቷን፣ እኔ አንዱን ክንፍ ያዝን። ለዚሁ ቀን ብዬ እንደ አዲስ ቀብቻታለሁ፤ ቀለሙ ብርቱካንማ ነው፣ ፋብሪካ ውስጥ በገዛ እጄ የደባለቅሁት። አባባ አዳራሹ ውስጥ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ጥቁሩ መብራት በራ።

"አየኋት! አየኋት!" አሉ። "እንዴት ታምራለች ልጆቼ!"

ወፏ የነበረችው በስተቀኝ ነው። እሳቸው የሚያዩት ወደ ግራ ነበር።

ምሰሶ ዘንጉን ቀስ ብሎ ዝቅ አደረገ። እኔ ቆቤን አውልቄ ከመድረኩ ወርጄ ወፏን ከፊት ሳያት ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ፋብሪካ ውስጥ እሳት ይመስል የነበረው ቀለም የደረቀ የብርቱካን ልጣጭ ሆኗል። አባባ እጄን ፈልገው ያዙና "እጅሽ ይባረክ" አሉኝ። መጥፎ ነው ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ባሌ "ቀለሙን ጨምሪበት በቃ" አለ።

"ከበዛ ይብስበታል።"

"ቀለም በዝቶ እንዴት ይደበዝዛል?"

"ቅንጣቶቹ ሲጨናነቁ አንዱ የሌላውን ብርሃን ይሻማል። አንተና ወንድምህ አንድ ክፍል ውስጥ ባንዴ ስታወሩ የማንኛችሁም ወሬ እንደማይሰማው ማለት ነው።"

"እንግዲህ የቀለም ሰው አንቺ ነሽ" አለኝ። ይህን ሲለኝ እበሽቃለሁ፣ ምክንያቱም እውነት ነው።

በማግስቱ ከክንፏ አንዷን የጨርቅ ላባ ነቅዬ ፋብሪካ ወሰድኳት። በመሞከሪያው መብራት ሥር አስቀመጥኳት፤ ቦግ አለች። ወደ አዳራሹ መለስኳት፤ ደበዘዘች። ደግሜ ወሰድኳት፤ ቦግ። ቀለሙ እንደ አንዳንድ ባል ሆነብኝ፣ ደጅ ሲሆን ሳቂታ፣ ቤት ሲገባ ኩርፊያ። ባለቀለሟ እኔ ሆኜ በቀለሜ መሰደቤ አንጀቴን አሳረረው። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ሥሩን ለመፈለግ አዳራሹ ገብቼ ከመድረኩ ጀርባ ካለችው ጠባብ ክፍል ጀመርኩ።

ወፏ የምትሰቀለው እዚያ ነው፣ ከመብራቶቹ የኤሌክትሪክ ሣጥን በላይ። እርጥበት እንዳያገኛት ብለው ቦታውን የመረጡላት እማማ ናቸው። ሣጥኑ ሲሠራ እንደ ካውያ ይግላል። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ራሱ ያልባል። ክንፏን ዳሰስኳት፤ አሁን ከካውያ ሥር የወጣ ሸሚዝ ትመስላለች። የፋብሪካው መደባለቂያ ክፍል ደግሞ የቀለሙ ሽታ እንዳይበረታ ቀኑን ሙሉ ሲቀዘቅዝ ይውላል። እኔ እዚያ የምሠራው ሹራብ ደርቤ ነው። የደረብኩትን ሹራብ እያየሁ ይህን ሳላስብ መቅረቴ!

"ሙቀት ነው" አልኳቸው ለባሌና ለምሰሶ።

"ታዲያ ቀለሙ ሞተ?" አለ ምሰሶ።

"አልሞተም። ቅንጣቱ ከመብራቱ ጉልበት ይቀበላል። ረጋ ካለ የተቀበለውን ብርሃን አድርጎ ይመልሰዋል። ሲሞቀው ግን ይቅበጠበጣል፣ ይወራጫል፣ ጉልበቱን በመንቀጥቀጥ ይጨርሰዋል። ለብርሃን የሚተርፈው ትንሽ ነው። ሲቀዘቅዝ ይመለሳል።"

"አሃ" አለ ምሰሶ። "እንደ አንቺ ማለት ነዋ። ሲግልሽ ለጨዋታ የሚተርፍሽ ነገር የለም።"

ባሌ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ምሰሶን ልመታው ፈልጌ ነበር፣ ግን የምደርስበት ቦታ ሁሉ አጥንት ነው።

ሌላም ጉድለት አገኘሁ። ክንፉ እንዳይከብድ ብዬ ከቀለሙ ጋር የደባለቅሁት ሙጫ አንሷል። ቅንጣቱ የሚይዘው ሳያገኝ ጨርቁ ላይ ላላ ብሎ ተቀምጧል፤ የላላ ነገር ደግሞ ሳይሞቀውም ይወራጫል። ዙሪያውን ጠጣር ሙጫ ጠበቅ አድርጎ ሲይዘው መላወሻ ያጣና ጉልበቱን ወደ ብርሃን ያዞራል። ያው ቅንጣት ነው። የተለወጠው ጎረቤቱ ነው።

በአዲሱ ቀለም ክንፏን እንደገና ስቀባ አእምሮዬ ወደ ራሴ ሄደ። እዚህ ቤት ስገባ እኔም ላላ ያልኩ ነበርኩ። ከአክስት ወደ አጎት፣ ከአጎት ወደ ጎረቤት እየተቀባበሉኝ ነው ያደግሁት፤ የኔ የምለው ሰው ስላልነበረኝ በትንሹም በትልቁም ስወራጭ ጉልበቴ ያልቅ ነበር። ሙሽራ ሆኜ በገባሁ ሰሞን እማማን በማይረባ ነገር ጮኼባቸዋለሁ። እሳቸው "ልጄ፣ በባዶ ሆድ አይጮህም፣ ቁጭ በይና ብይ" ብቻ ነው ያሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አልለቀቁኝም። ዛሬ ሰው የምመስለው እሳቸው ዙሪያዬን ስለያዙኝ ነው። እወዳቸዋለሁ። ግን ነግሬያቸው አላውቅም፤ ቁጣ ከአፌ ሳልጠራው ይወጣል፣ ምስጋና ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል።

የቀረው ብርድ ነበር። ክንፈ ሰፊ ወፍ በቤት ፍሪጅ አትገባም። ከአዳራሹ ማዶ ሥጋ ቤት አለ፤ ባለቤቱ ሰው የሚገባበት ትልቅ ፍሪጅ አለው። ሄጄ ቆምኩ፤ ሥጋ እየከተፈ ነበር።

"ወፍ ላሳድርብህ ነው የመጣሁት" አልኩት።

"የታረደች?"

"የጨርቅ።"

"የጨርቅ ወፍ ደግሞ ምን ያበላሻታል?"

የአባባን ነገር ነገርኩት። ቢላዋውን አስቀመጠ። "እሳቸው እኮ ልጅ ሆኜ ያንን ዓሣ ያሳዩኝ ሰው ናቸው" አለ። "ዓሣው ራቱን እንዲበላ ብዬ ከቤት ዳቦ ሰርቄ አምጥቼለት ነበር። ዳቦውን ማን እንደተቀበለኝ አላየሁም፣ ግን ዓሣው ሲቀበለኝ አይቻለሁ። አምጫት።"

"ደንበኞችህ ምን ይሉሃል?"

"ሊበሏት ያሰቧትን አሞራ ስሟን ይሏታል ጅግራ። ጅግራ ናት፣ አትሸጥም እላቸዋለሁ።" እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልለው አፌን ስከፍት "ሂጂ፣ ወረፋ እያስረዘምሽብኝ ነው" ብሎ አባረረኝ። እንዲህ ያለ ሰው ደስ ይለኛል።

ሁላችንም ወዲያ ወዲህ ስንል እማማ መሃላችን ቆመው "እኔስ? ለኔ ምን ሥራ አላችሁ?" አሉ። እኔ ወፏን በላስቲክ እየጠቀለልኩ ነበር፤ ከፍሪጅ ስትወጣ ጤዛ ይዟት ቀለሙ እንዳይበላሽ ነው። "እማማ፣ ወፏን ብቻ አይንኩብኝ!" አልኩ። ድምፄ ካሰብኩት በላይ ወጣ። እማማ "እሺ ልጄ፣ ወፏን አልነካም" አሉ። ቃላቸውንም ጠበቁ። ወፏን አልነኩም።

የትርኢቱ ቀን ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። የሰፈሩ ሰው የአባባን ነገር ሰምቷል። መስኮቶቹን በጥቁር ጨርቅ ደፈንን። እኛ እንደ ወትሮው ያንን የከረመ ልብስ ልንለብስ ስንል እማማ ትልቅ ጥቅልል ታቅፈው ገቡ። ጥቁሩ ልብስ በሙሉ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ተጣጥፎ።

"ዓይኑ ከታመመ ወዲህ ያጠበው የለም" አሉ። "ዛሬ የሱ ቀን ነው። በሱ ቀን ልጆቹ እየሸተታችሁ አትወጡም።"

ልብሱ የአበባ ሽታ ነበረው። ምሰሶ ቆቡን አፍንጫው ላይ አድርጎ "እናቴ፣ ዛሬ ገና ቆቤ ውስጥ ሰው የሚተነፍስ ይመስላል" አለ። ባሌ ራሳቸው ላይ ሳማቸው። እማማ ራሳቸውም አምሮባቸዋል፤ ነጭ ቀሚስና ነጭ ሻርፕ ነበር የለበሱት፣ ያየ ሁሉ ዓይኑን የሚጨፍንለት ንጣት። እኔ የቀለም ሰው ተብዬዋ ይህን ሁሉ አይቼ፣ አሽትቼ ለበስኩት። በምን አጠቡት ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ባሌ በተራው መብራት ወጥቶ ተረቱን አወራ፤ ጎጆዋን ትታ ስለሄደችና መንገድ ስለጠፋባት ወፍ ነው። በዚያ መካከል ምሰሶ መንገዱን ተሻግሮ ወፏን ከፍሪጅ አወጣ። በላስቲክ የተጠቀለለች ትልቅ ወፍ ታቅፎ በጥቁር ልብስ ሲሮጥ ያዩ አንዲት ሴት "ምነው ልጄ፣ ማን ሞተ?" አሉት። "ኧረ ልትነሣ ነው" ብሏቸው አለፈ።

ላስቲኩን ገፈፍን። ክንፏ ጣት ያደነዝዛል። ፊት ወንበር ላይ አባባ ተቀምጠዋል፣ አጠገባቸው ባለ ሥጋ ቤቱ። ተራው መብራት ጠፋ። ጥቁሩ መብራት በራ። ወጣን።

አዳራሹ "ውይ!" አለ። ወፏ እንደሆነች ገባኝ፤ ከጀርባዋ ሆኜ እንኳ ብርቱካንማው ብርሃን የመድረኩን ወለል ሲነካው ይታየኝ ነበር። ቀጥሎ ግን አንድ ሕፃን ከኋላ ጮኸ።

"እማዬ! ሰዎቹ! ሰማያዊ ሰዎች!"

እጄን አየሁ። ጓንቴ ሰማያዊ ነው። ዞር ስል ባሌ ጅራቱን ይዞ ቆሟል፤ ትከሻው፣ ክርኑ፣ የቆቡ ስፌት ሁሉ ጭጋግ የመሰለ ሰማያዊ ብርሃን ይተፋል። ምሰሶማ ቁመቱን ሙሉ ያበራል፣ የጎዳና መብራት ይመስላል። የአበባው ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ነበርና በአንዴ ገባኝ። የዱቄት ሳሙና ውስጥ ነጭ ልብስ ይበልጥ ነጭ እንዲመስል ተብሎ የሚጨመር አብሪ ቅመም አለ። እሱም የቀለሜ ዘመድ ነው፤ ውሃው ውስጥ ደከም ይላል፣ ጨርቅ ላይ ተጣብቆ ሲደርቅ ግን ጨረሩን ውጦ ሰማያዊ ያበራል። እማማ ደግሞ ለዚህ ቀን ብለው ሳሙናውን አልሰሰቱም። ያ የአባባ ደንብ የወንድ ስንፍና አልነበረም።

ጉድ ፈላ። የማይታዩት ሰዎች ታዩ። ሳቁ ከኋላ ወንበር ተነሥቶ ወደ ፊት መጣ። ባሌ "እናቁም?" አለኝ በሹክሹክታ። ደሜ ፈልቷል፤ የማስበው አባባን ብቻ ነበር። የአንድ ቀን ምኞታቸው በሳቅ ሊያልቅ ነው።

በዚህ መሃል እማማ ከመጋረጃው ጀርባ ሆነው አዩን። ምን እንደሆነ አልገባቸውም፣ የሳቸው እጅ እንዳለበት ግን ገብቷቸዋል። ትርፍ የነበረውን ጥቁር ጨርቅ አንሥተው ሊሸፍኑን ወደ መድረኩ ሮጡ።

በዚያ ነጭ ቀሚስና በዚያ ነጭ ሻርፕ።

መብራቱ ሲያገኛቸው ቦግ አሉ። እኛ ጭጋግ ነበርን፣ እሳቸው ግን ከራስ እስከ እግር ጨረቃ ሆኑ። ወፏ ራሷ አጠገባቸው ደበዘዘች። ጨርቁን ይዘው መሃል ላይ ቆሙ፤ ማንን ቀድመው እንደሚሸፍኑ ግራ ገባቸው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ከዚያ አባባ ከወንበራቸው ተነሡ። ባለ ሥጋ ቤቱ ክንዳቸውን ሊይዝ ሲል እጁን መለሱት። ሳቁ ቀስ በቀስ ቆመ።

"ማን ናት እሷ?" አሉ።

እማማ ጨርቁን ደረታቸው ላይ አጠበቁ። "እኔ ነኝ" አሉ። "ይቅር በለኝ። ልብሳቸውን አጥቤ ቀንህን አበላሸሁብህ። አሁን እወጣለሁ።"

"ሸጊቱ?" አሉ አባባ። ከልጅነታቸው የሚጠሯቸው እንዲህ ነው። "አንቺ ነሽ? እንዳትሄጂ። እዚያው ቁሚ።"

እማማ ቆሙ።

"ሻርፑ ከትከሻሽ ወርዷል፣ በግራ በኩል" አሉ አባባ።

እማማ የግራ ትከሻቸውን ዳሰሱ። እውነት ወርዶ ነበር። ያኔ ነገሩ ለሁላችንም ገባን። አባባ ኮቴ እየሰሙ አይደለም። እያዩ ነው። እማማ ጨርቁ ከእጃቸው ወደቀ።

"ወፏን አየኋት" አሉ አባባ። "ገና ስትወጣ አየኋት። እግዜር ይስጣችሁ ልጆቼ፣ ልክ እንዳሰብኳት ናት። ግን እሷን የሠራኋት እኔ ነኝ፤ ዓይኔን ጨፍኜም አውቃታለሁ። አንቺን ነው ካየሁሽ የቆየሁት።"

እማማ የሻርፑን ጫፍ አፋቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። አባባ ሲያዩዋቸው ቆዩና ወደ እኛ ዞሩ፣ በትክክል ወደ እኛ። "ያ ረጅሙ ምሰሶ ነው። ያ ጅራቱን የያዘው ትልቁ ልጄ። ያቺ በአንድ እጇ ወገቧን ይዛ የቆመችው ምራቴ ናት፤ ቁጣዋ ከዚህ ይታየኛል።" ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እኔም ቆቤ ውስጥ እያለቀስኩ ሳቅሁ። "ዕድሜዬን ሙሉ ተሸካሚ እንዳይታይ ስል ኖርኩ" አሉ። "ሞኝ ነበርኩ። በሉ አብሯት።"

አበረርናት። እማማም መድረኩ ላይ ቀሩ፤ ይውረዱ ያላቸው የለም። ወፏ በእጃችን ላይ እየሞቀች እየደበዘዘች ስትሄድ ታወቀኝ፣ ከእኔ በቀር ያስተዋለ ያለ አይመስለኝም። በሌላ ቀን ቢሆን እንገበገብ ነበር። ያን ቀን ግን አባባ የሚያዩት ወዴት እንደሆነ ስለማውቅ ዝም ብዬ ክንፌን አወዛወዝኩ።

ከዚያ ወዲህ የአባባ ዓይን ብሷል። አሁን ወፏ ከፍሪጅ ወጥታ እንኳ ብትመጣ አያዩዋትም። ግን ባሌ ቤታቸው ውስጥ፣ ከሳሎን ወደ ጓዳ በሚወስደው ጠባብ መተላለፊያ ላይ አንድ ትንሽ ጥቁር መብራት ሰቅሏል። ሲመሽ ሌላው መብራት ይጠፋል። አባባ በሩ ፊት ለፊት ወንበራቸው ላይ ይቀመጣሉ። እማማ በነጩ ሻርፕ ሲያልፉ አንዲት ሰማያዊ ነገር ስታልፍ ያያሉ፤ ፊት አይለዩም፣ እሷነቷን ግን ይለያሉ። "ሸጊቱ፣ ምድጃው አጠገብ አትቁሚ፣ ሙቀት ያደበዝዝሻል" ይሏቸዋል። ይህን ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ።

ያንን ሳሙና የምገዛው እኔ ነኝ። በወር በወሩ ይዤ እሄድና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለሁ። መጀመሪያ የወሰድኩላቸው ቀን እማማ ፈራ ተባ እያሉ "አልተቀየምሽኝም ልጄ?" አሉኝ። ጉሮሮዬ ላይ ስንት ዘመን የቆየው ነገር ያኔ ወጣ። "እማማ፣ አመሰግናለሁ" አልኳቸው። "ለሳሙናው ብቻ አይደለም።" እሳቸውም "አውቃለሁ፣ ቁጭ በይና ብይ" አሉኝ።

ሳሎን ተቀምጬ ሳያቸው እማማ ማታ ማታ ወደ ጓዳ ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ፣ ደግሞ ይሄዳሉ። ባዶ እጃቸውን ሄደው ባዶ እጃቸውን ነው የሚመለሱት።